«መጥፋቱ ታይቷል»

ክልላችን ራሱን በቻለባቸው በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት፣ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ አማርኛ አጥርቶ የሚጽፍ የአገሬው ተወላጅ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ቢሮዎች ተከፈቱ፣ ማኅተም ተቀረጸ፣ በወንበሮቹ ላይ የእኛው ሰዎች ተቀመጡ። ደብዳቤው ግን በአማርኛ መውጣት ነበረበት፤ አኙዋኩ ከኑዌሩ፣ ሁለቱም ከደጋ ከመጣው ሰፋሪ ጋር የሚግባቡት በእርሱ ነበርና። እኔ የባሮ ዳር ልጅ ነኝ። አማርኛን ከእናቴ አልሰማሁትም፤ በሚስዮን ትምህርት ቤት፣ ኋላም በመምህራን ማሠልጠኛ፣ ሒሳብ እንደሚማሩት ደንብ በደንብ ተማርኩት። ስለዚህም ከባለቤቶቹ ይልቅ እሳሳለት ነበር። የደጋ ተወላጅ ባልደረቦቼ ያረቀቁትን ደብዳቤ አለቃችን ከመፈረሙ በፊት «አንድ ጊዜ እይልኝ» እያለ ወደ እኔ ጠረጴዛ ይልከው ነበር።

ይኸው አለቃዬ አንድ ቀን አስጠራኝ። ስገባ አንዲት የውጭ አገር ሴት ከፊቱ ተቀምጣለች፤ ቀጭን፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ በሙቀቱ ፊቷ የቀላ። ጦርነት ያፈናቀላቸውን ሰዎች በሌላ አገር ስትረዳ እንደኖረች ተነገረኝ። የምታስተምረው የፈውስ ዘዴ መድኃኒት የለውም፤ እጅን ከታማሚው አካል ትንሽ ራቅ አድርጎ ማሳለፍ፣ ታማሚው ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ሕመሙ ሲወጣ በሐሳቡ እንዲያይ ማድረግ ነው። ኒውላንድ በሚባለው የከተማው ሰፈር ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው የሣር ክዳን አዳራሽ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ እንድታስተምር ተፈቅዶላታል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነበር፦ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ያስተረጉምላታል፣ የተደረገውንም በጽሑፍ ያቀርባል። ሠራተኛው እኔ ሆንኩ።

ስለ ሴትዮዋ እውነቱን መናገር ይገባኛል። ማንንም አላታለለችም። በየስብሰባው መጀመሪያ «ይህ ሕመምን ለመቻል ይረዳል እንጂ ሐኪምን አይተካም፤ ወደ ሐኪም መሄድ ያለበት ይሂድ» ትል ነበር። እኔም በአማርኛም በአኙዋክም አንድም ቀን ሳልዘል ተርጉሜዋለሁ።

ያስቸገረኝ ሌላው ቃል ነበር፤ በእጇ ውስጥ የሚያልፈው ነገር ስሙ። መጀመሪያ «ኃይል» አልኩት። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው «መብራት ኃይል ነው? ታዲያ ዛሬ ስንት ሰዓት ይመጣል?» ብሎ አዳራሹን በሣቅ ገለበጠው። የከተማው ጄኔሬተር የሚሠራው ሲፈልግ ነበርና ሣቁ ቶሎ አላባራም። ከስብሰባው በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ በትሕትና ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«ወንድሜ፣ ኃይል ስትል የማን ኃይል እንደሆነ ጨምረህ ተናገር። ካልሆነ አትናገር» አሉኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባ «ጉልበት» አልኩት። «ጉልበታችሁ በመላ አካላችሁ ሲዘዋወር እዩ።» አንዲት አሮጊት እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ እኔን ያመመኝ ጉልበቴ አይደለም፤ ወገቤ ነው።»

በሦስተኛው ስብሰባ «የሕይወት እስትንፋስ» ብዬ አሳረፍኩት። መጋቢው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አሮጊቷም ረኩ። ቤቴ ስገባ እንደ አንድ ትልቅ ድል ቆጠርኩት።

እህቴ መምጣት የጀመረችው በሁለተኛው ሳምንት ነው። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። አባታችን ከሞተ በኋላ ትምህርት ቤት ያስገባችኝ እርሷ ነበረች፤ የራሷን ትምህርት ግን ሁለተኛ ክፍል ላይ ትታዋለች። በዚያን ጊዜ ባሏ ሞቶ ብቻዋን ትኖር ነበር፤ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ስትሆን፣ ወንዙ ሲጎድል ደግሞ ዳሩ ላይ በቆሎ ትዘራለች። አማርኛዋ ለገበያና ለሰላምታ የሚሆን ነበር። በመሥሪያ ቤት ስለ መቀጠሬ ከእኔ ይልቅ የምትኮራው እርሷ ብትሆንም ፊት ለፊት የምትጠራኝ «የመንግሥት አፍ» ብላ ነበር።

በግራ ጡቷ ላይ እብጠት ነበረባት። ለእኔ ራሷ አልነገረችኝም፤ ወንድም ነኛ፤ የሰማሁት ከጎረቤቶቿ ነው። ለአንድ ጤና ረዳት አሳይታ እርሱ «ወደ ደጋው ሆስፒታል ትላክ» ብሎ ጽፎላት ኖሯል። ወደ ደጋ የሚወጣው የመሥሪያ ቤታችን አንድ መኪና ነበር። ነዳጅ ሲገኝና መንገዱ ሰላም ሲሆን ስድስት ሕሙማን ይዞ በቡሬ በጎሬ ሽቅብ ይሄዳል። እህቴ ዝርዝሩ ውስጥ ገብታለች። ወደ አዳራሹ የመጣችው ተራዋን እየጠበቀች፣ እንዲሁም ወንድሟ ከፈረንጅ ጋር ቆሞ ሲናገር ለማየት ነበር።

ሴትዮዋ እህቴ መጀመሪያ በመጣችበት ቀን ስለ በረዶ ተናገረች። ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በሚያማችሁ ቦታ ላይ ነጭ በረዶ ቀስ እያለ ሲወርድ እዩ። በረዶን እኛ የምናውቀው በአንድ መጠጥ ቤት የላምባ ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ነበር። ተረጎምኩት። የእህቴ ድምፅ ከሴቶቹ መሐል ተሰማ፦

«ቢራ ልታደርገን ነው እንዴ?»

ሴትዮዋ ምን እንዳሣቃቸው ጠየቀችኝና ነገርኳት፤ እርሷም ሣቀች። ከዚያ በረዶውን ትታ ከላይ ስለሚወርድ ሞቃት የፀሐይ ብርሃን ጀመረች። የካቲት ነው፤ የተቀመጥንበት አግዳሚ እንኳ ያቃጥላል። አንድ ሰው በአኙዋክ «ይቺ ሴት ፀሐይ የጎደለን መስሏታል» አለ። ሐሳቡን ያመጣሁት ያኔ ነው። ወንዙን ለምን አናደርገውም? አልኳት። ባሮ ከደጋ ሞልቶ ሲመጣ፣ ቀዝቃዛው ውሃ በራሳቸው ገብቶ በእግራቸው ሲወጣ፣ ሕመሙንም ይዞ ሲሄድ ይዩ። ደስ አላት። እኔም ተናገርኩት፤ ያን ቀን አስተርጓሚ ብቻ አልነበርኩም። ዓይኖች ተጨፈኑ።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን የኋላው ሰውዬ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ጌታው፣ በሽታችን ወደ ታች ከሄደ ኢታንግ ያሉት ዘመዶቻችን ሊጠጡት ነው?»

«ዝም በል፤ እነርሱም የራሳቸውን ወደ ሱዳን ይልካሉ» አለችው እህቴ።

እንዲህ እየተቀለደ ሳምንታት አለፉ። ሰዎች ቀለል አለን ይሉ ነበር፤ የአሮጊቷም ወገብ ጥቂት ተሻለው። በመጨረሻው ስብሰባ ሴትዮዋ እያንዳንዱን ሰው ወደ ፊት አውጥታ እንድጠይቅላት አደረገች፦ አሁን በሕመምህ ቦታ ምን ታያለህ? እህቴ ተራዋ ሲደርስ ከፊቴ መጥታ ተቀመጠች። ንጹሕ ቀሚስ ለብሳለች። ሴትዮዋ እጇን ከእህቴ ደረት ትይዩ አቆመች። እኔ በቋንቋችን ጠየቅኋት፦

«ምን ታያለሽ?»

ዓይኗን ጨፈነች። «ውሃው ወስዶታል። የለም» አለች። ጮክ ብላ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ።

ሰዎች አጨበጨቡ። የሴትዮዋ ዓይን እንባ አቀረረ። ለእኔም ደስታ ነበር፤ አልክድም።

በማግስቱ ጠዋት ሪፖርቱን ጻፍኩ። ሠንጠረዡን በማስመሪያ ያሰመርኩት እኔ ነኝ፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የሕመም ዓይነት፣ የመጨረሻ ሁኔታ። አራተኛው ዓምድ ጠባብ ነበር። በእህቴ ስም ትይዩ ልጽፍ የሚገባኝ «እብጠቱ እንደጠፋ በሐሳቧ እንደታያት ተናግራለች» የሚል ነበር። ዓምዱ አይበቃውም። በዚያ ላይ ይህ የሰው ወሬ እንጂ የመንግሥት ጽሑፍ አይመስልም። እኔ የምወደው ሰው የሌለበትን አማርኛ ነበር፤ «ተወስኗል»፣ «ታምኖበታል»፣ «ተረጋግጧል» የሚለውን። የሚናገረው ግለሰብ ሳይሆን ራሱ መሥሪያ ቤቱ የሆነ ይመስላል። ስለዚህ «እብጠት» በሚለው ትይዩ «መጥፋቱ ታይቷል» ብዬ ጻፍኩ። መስመሩ ልክ ገባ። አለቃዬ አንብቦ «እንዲህ ነው ሪፖርት» አለኝ።

የሪፖርቱ ግልባጭ የሕሙማኑን ዝርዝር ወደምትይዘው ጸሐፊ ሄደ፤ በሁለቱም ላይ የሚገኙ ስሞች ካሉ ሁኔታቸውን እንድትሞላ። ይህች ጸሐፊ ወላጆቿ ከደጋ የመጡ፣ አቦቦ ወረዳ ያደገች ወጣት ናት። ሥራዋን ጠንቅቃ የምትሠራ ሴት ነበረች፤ በዚህ ጉዳይም ምንም አላጠፋችም።

ዝርዝሩን ሄጄ አላየሁትም። ማየት እችል ነበር፤ በሁለት በር ርቀት ላይ ነው። በዚያን ዘመን ግን ሁሉም ለዘመዱ ይሮጥ ስለነበር እኔ ለእህቴ ብዬ ወደዚያ ክፍል ላለመግባት ወስኜ ነበር። ንጽሕናዬን በዚህ እለካው ነበር።

መኪናው በሄደበት ሳምንት እኔ ለሥራ አቦቦ ነበርኩ። ስመለስ እህቴን በቆሎዋ ውስጥ ጎንበስ ብላ አገኘኋት። ደነገጥኩ፤ ደጋ ትሆናለች ብዬ ነበር።

«አልሄድሽም እንዴ?»

«ሄጄ ነበር፤ እስከ በሩ» አለች አረሙን ሳትለቅ። «ልብሴን ቋጥሬ በጠዋት ቆምኩ። ስም ተጠራ፣ የእኔ የለም። ጸሐፊዋን ጠየቅኋት። 'እናቴ፣ እርስዎ ታይተዋል' አለችኝ። እኔም ተመለስኩ። የመንግሥት አፍ፣ መንግሥት አይቶኛል አሉ፤ አንተ ነህ ያሳየኸኝ?»

ቀልዱ ገባኝ፤ ቃሉ ግን ወዲያው አልገባኝም። የገባኝ ድልድዩን ስሻገር ነው። በአማርኛ ሐኪም የመረመረው ሰው «ታይቷል» ይባላል። ይህን የአፍ መፍቻ ተናጋሪዎቹ ልጆች እንኳ ያውቁታል። እኔም አውቀዋለሁ፤ ለሌሎች ብዙ ጊዜ አርሜአለሁ። ሪፖርቱን በጻፍኩበት ጠዋት ግን ጆሮዬ ውስጥ የነበረው የአዳራሹ «ማየት» ነበር።

ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ስደርስ ላቤ ይወርድ ነበር። የእህቴ ስም በቀይ ተሰርዟል፤ በቦታው ሌላ ሰው ገብቷል።

«ይህን ስም ማን ሰረዘው?» አልኳት።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ታይተው እብጠቱ ጠፍቷል ስለሚል…»

«የት ነው የሚለው?»

ፋይሉን ገልጣ አዞረችልኝ። «የእርስዎ ጽሑፍ እኮ ነው፣ ጋሼ። ማኅተምም አለው።»

አየሁት። ፊደሎቹ ቆንጆ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ለማንም በሙሉ ተናግሬ አላውቅም። በዚያው ዕለት ጭነት መኪና ለምኜ እህቴን ወደ ደጋ ይዤ መሄድ እችል ነበር። አላደረግሁትም። የማረሚያ ደብዳቤ አረቀቅሁ። ደብዳቤው ሳይፈረም አዲስ መሸኛ አይወጣም፣ ያለ መሸኛ ደግሞ ሆስፒታሉ አይቀበልም ብዬ አሰብኩ፤ ደንቡም እንደዚያ ይላል። አለቃዬ አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄዶ ነበር። ጠበቅኩት። ሲመለስ ፈረመ፣ ስሟም ለሚቀጥለው ጉዞ ተመዘገበ። መኪናው ግን ተበላሽቶ ዕቃ እየተጠበቀለት ነው ተባለ። ከዚያ ዝናቡ ገባ። ሽቅቡ መንገድ ጥቁር ጭቃ ሆነ፤ የጭነት መኪኖችም በየቦታው ተቀረቀሩ። እህቴ በእነዚያ ወራት ሥራዋን አላቋረጠችም። ክፍሎቹን በቀኝ እጇ ብቻ እንደምትጠርግ የሰማሁት ኋላ ከርእሰ መምህሩ ነው።

ፈረንጇ ዝናቡ ሳይገባ ፈቃዷ አልቆ ሄዳ ነበር። ስትሰናበተኝ ሁለቱንም እጆቼን ይዛ ስለ እህቴ ጠየቀችኝ። «ደኅና ናት» አልኳት። ይህን ለመተርጎም ምንም አልተቸገርኩም።

መንገዱ ጠንከር ሲል በጭነት መኪና፣ ከጋቢናው ውስጥ አስቀምጬ ወሰድኳት። በዚያን ጊዜ እብጠቱ ፈንድቶ ነበር። መንገዱን ሁሉ መስኮቱን ከፍታ ተቀመጠች፤ ሽታው ሾፌሩን እንዳያስቸግረው ነው። ሐኪሙ ወጣት ነበር። መርምሯት ሲጨርስ ወደ ኮሪደሩ አወጣኝ።

«እስካሁን የት ነበራችሁ?»

«በጽሑፍ ስሕተት ምክንያት ዘግይቷል» አልኩት።

ትንሽ አየኝ። «ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው?» ብሎ ጠየቀና መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ሌላ ሕመምተኛ ተጠራ። የሕመም ማስታገሻ ሰጥተውን ተመለስን።

ቤቷ ተኛች። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በየተራ ያጥቧታል፤ እኔ በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስሄድ እገባለሁ። አንድ ጠዋት ሴቶቹ ውሃ ሊቀዱ ወጥተው ብቻችንን ሆንን። ካልነገርኳት ሌላ ጊዜ እንደማይኖረኝ አውቄአለሁ። ከአልጋው ጎን ተቀምጬ፣ ስሟ ከዝርዝሩ የወጣው በጸሐፊዋ ጥፋት ሳይሆን እኔ በጻፍኩት መሆኑን ነገርኳት።

«ምን ብለህ ጻፍክ?» አለችኝ።

በአማርኛ አልኩላት። አልገባትም። በቋንቋችን ልመልሰው ሞከርኩ። በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ሃያ ዓመት ተመላልሻለሁ፤ ያችን አረፍተ ነገር ግን ያየ ሰው ሳልጠራ የምልበት መንገድ አላገኘሁም። እንደምንም አጣምሜ ተናገርኩት።

«ማን ነው ያየው?» አለች።

«ማንም።»

ትንፋሿ አጭር ነበር፤ በየሁለት ቃሉ ታርፋለች።

«አንቺ የለም ስላልሽ ነው» አልኳት። እንዲህ ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል። «ጠየቅሁሽ እኮ፤ ምን ታያለሽ ብዬ።»

«በሰው ፊት ነው የጠየቅኸኝ።»

«ታዲያ ምንም አላየሽም ነበር?»

«ዓይን ተጨፍኖ ምን ይታያል? ጨለማ ነው ያየሁት። ደግሞ እጄን ሳስነካው እንዳለ አውቃለሁ።» ትንሽ አረፈች። «ያ ሁሉ ሰው ተቀምጧል። ፈረንጇ ትጠብቃለች። አንተ ቆመህ፣ ሸሚዝህ በላብ ርሶ፣ ስለ ውሃው ያን ሁሉ ተናግረሃል። የገዛ እህቱ ምንም አይታየኝም ብትል ምን ልትመስል ነበር? እንዳታፍር ብዬ ነው።»

ወደ ግድግዳው ልትዞር ስትል ረዳኋት፤ ክብደቷ የለም። ከዚያ ፊቷን ሳትመልስ እንደ ሌላው ጊዜ ሁሉ ተቆጣችኝ፦

«ሂድ አሁን፣ አርፍደሃል። ቁጭ ብለህ ብታየኝ ምን ይሆናል።»

ሴቶቹ ውሃ ይዘው ሲገቡ ተነሣሁ። ከበሩ ላይ ዞር ብዬ ደኅና ዋይ አልኳት፤ አልመለሰችም፤ የተኛች መሰለኝ። ወደ ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛዬ ላይ አለቃዬ የላካቸው ሦስት ረቂቆች ነበሩ፤ ሁለተኛውን እያረምኩ ሳለ ከሴቶቹ አንዷ በሩ ላይ ቆመች። ነጠላዋን ወደ አፏ አድርጋ ታለቅስ ነበር፤ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።